ሰባት ሳምንት የራስ ምታት፣ ቀበቶ ላይ ሦስት አዲስ ቀዳዳ፦ ወንድሜ ምን ሆኖ ነው?

ትንሿ እህት | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ወንድሜ ነው የምጽፈው። 27 ዓመቱ ነው፤ ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳል። ታሞ የማያውቅ ልጅ ነው።

ከሰባት ሳምንት በፊት «ራሴን አመመኝ» ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ማታ ማታ ብቻ ነበር። ፀሐይ ነው፣ አቧራ ነው አልን። ፓራሲታሞል ሲውጥ ይተወው ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ነው። ከእንቅልፉ ሲነቃ ይብስበታል፤ ምንም ሳይቀምስ ያስመልሰዋል።

ሦስት ቦታ ታክሟል። የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወስዶ «ታይፎይድና ታይፈስ» አለው፤ የአሥር ቀን መድኃኒት ጨረሰ። ሁለተኛው «ሳይነስ» አለ። ሦስተኛው «ማይግሬን» ብሎ መርፌ ወጋው። ሁለት ቀን ተሻለውና ተመለሰበት።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ትናንት ሄጄ ሳየው ደነገጥኩ። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ። ራሱ ነው የበሳቸው፤ ለማንም አልተናገረም። የቀበቶው ጫፍ ዞሮ ጀርባው ጋ ደርሷል። ፋርማሲ ወስጄ ሚዛን ላይ አቆምኩት፤ 51 ኪሎ። ለጥምቀት ስንገናኝ 63 ነበር። ማታ ላብ ያጠምቀዋል። እማዬ በየጠዋቱ አንሶላውን ታሰጣለች።

ሌላም አለ። ከፊቱ የሚመጣው መኪና ሁለት ሆኖ ስለታየው ባጃጁን ካቆመ አራት ቀኑ ነው። ዛሬ ደግሞ በሞተው አጎታችን ስም ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ፣ ስነግረው ተናደደ።

እማዬ «ዓይን ነው» ትላለች። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሽቶለታል። እኔ ግራ ገባኝ። ራስ ምታቱና መክሳቱ ሁለት በሽታ ናቸው ወይስ አንድ? የትኛው ሐኪም ጋ ነው የምንወስደው?

የአዳማ ልጅ | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡55

አይዞሽ እህቴ። እኔ ማይግሬን ካለብኝ 12 ዓመቴ ነው። ሲመጣ ጨለማ ክፍል እዘጋለሁ፣ አስመልሳለሁ፤ በማግስቱ ግን ደህና ነኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሱሪዬ አልሰፋኝም። የወንድምሽ ነገር የኔን ዓይነት አይመስለኝም። የሚያውቁ ሰዎች እስኪመልሱልሽ ብዬ ነው።

ሲስተር ት. | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ድንገተኛ ክፍል 11 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። እህቴ፣ ለነገ አታሳድሪው። የክሊኒክ ጉዳይ አይደለም። የውስጥ ደዌ ሐኪምና ሲቲ ስካን ያለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ደሴ ቅርባችሁ ነው፤ አሁኑኑ ኮንትራት ያዙ።

ለምን እንደማስቸኩልሽ ልንገርሽ። ራስ ምታት ብቻውን ሁላችንንም ያመናል፣ አብዛኛው ቀላል ነው። መክሳትም ብቻውን ብዙ ምክንያት አለው። ሁለቱ ተያይዘው በየሳምንቱ እየባሱ ሲሄዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ላይ የሌሊት ላብ፣ የጠዋት ማስመለስ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት አለ። ከሁሉም ያስፈራኝ ግን መዘባረቁ ነው።

ሦስቱም ቦታ ሲሄድ ምን ብሎ ነው የተናገረው? ልገምት፤ «ራሴን ያመኛል» ብቻ። ሐኪሙ የሚያየው ዛሬ የመጣውን ቀጭን ልጅ ነው። በፊት ምን ያህል እንደነበር በምን ያውቃል? ወንዶች ደግሞ መክሳታቸውን አይናገሩም፤ ቀበቶ በስተው ይደብቁታል። ስለዚህ በር ላይ አንቺ ተናገሪለት። «ሰባት ሳምንት ራሱን አመመው፣ 12 ኪሎ ቀነሰ፣ አሁን መዘባረቅ ጀመረ» በያቸው፤ በአንድ ትንፋሽ። ቀበቶውንም አሳዪያቸው። አትፈሪ።

ትንሿ እህት | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡18

እየወጣን ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሲስተር።

የሌሊት ተረኛ | እሁድ፣ ከምሽቱ 5፡05

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ሳላየው ይህ ነው ማለት አልችልም። ግን ሲስተር ልክ ናት። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የአንጎል ሽፋን ቲቢ ነው። ከዚያ ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ፈንገስ፣ ከዚያ የአንጎል ዕጢ ወይም ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካንሰር።

አማርኛችን ራሱ ያሳስተናል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስለምንለው ሳንባ ላይ ብቻ ያለ፣ የሚያስል በሽታ ይመስለናል። ሳል የሌለውን ሰው ቲቢ አለበት ብሎ ማን ይጠረጥራል? ባክቴሪያው ግን በደም ተጉዞ ንፍፊት ላይ፣ አጥንት ላይ፣ አንጎልን በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይም ይቀመጣል። «ማጅራት ገትር» ስንልም በአንድ ሌሊት የሚጥለውን ነው የምናስበው። የቲቢው አመጣጥ ሌላ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ መነጫነጭ ይኖራል። ሰውየው እየሠራ ነው፣ እየሄደ ነው። ከዚያ ማስመለሱ፣ ዓይንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሲያዝ ነገር ሁለት ሆኖ መታየቱ፣ ከዚያ መዘባረቁ ይከተላል። የሚቀጥለው ራስን መሳት ነው። መድኃኒቱ ከዚያ በፊት ሲጀመርና ከዚያ በኋላ ሲጀመር ውጤቱ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

የሚከሳውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰውነት ኢንፌክሽኑን ሲዋጋ የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፤ ጡንቻን ያቀልጣሉ። ትኩሳቱ ያቃጥላል፣ ማስመለሱ የገባውን ያወጣል። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ፦ ሁለት ሳይሆን አንድ በሽታ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ስለ «ታይፎይድና ታይፈስ» አንድ ነገር ልጨምር፤ በየቀኑ የሚያሳዝነኝ ነገር ስለሆነ። በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል የደም ምርመራ በአንድ ጊዜ ውጤት ብቻ ብዙ አይታመንም። ድሮ ታይፎይድ የነበረበትም ሰው፣ ሌላ ትኩሳት ያለበትም ሰው «ፖዘቲቭ» ሊያሳይ ይችላል። ታይፈስ የሚባልበት የዌል ፊሊክስ ምርመራም እንደዚሁ። በዚህ ወረቀት ሰው ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ያጣል። ለታይፎይድ የሚሰጠው ሲፕሮፍሎክሳሲንም ቲቢን ለጊዜው አዳክሞ ሊደብቀው ይችላል። አንድ ጊዜ ታክሞ ያልተሻለውን ሰው ሌላ ዙር ታይፎይድ ማከም አይገባም። ቆም ብሎ እንደ አዲስ ማሰብ ነው።

ሰላም ለሁሉ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

እኔ ጠበል ውሰዱት እላለሁ። የኛ ሰፈር ልጅ እንደዚሁ ከስቶ ከስቶ፣ ራሱን ይዞ ሲጮህ ነበር፤ በጠበል ነው የዳነው። የመንፈስ ነገር ሲሆን ሐኪም አያየውም።

የማርቆስ እናት | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ሰላም ለሁሉ፣ እምነትሽን አከብራለሁ፤ እኔም ጠበልተኛ ነኝ። ግን አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንጦጦ ማርያም ጠበል ሲጠመቁ የኤችአይቪ መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች ነገር ባሳሰበ ጊዜ ምን አሉ? ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት አይደለም ነው ያሉት። ልጁ ሆስፒታል ይተኛ፤ ጠበሉን እናቱ አምጥታ ታጠጣው። አንዱ ለሌላው አይዘገይ።

ትንሿ እህት | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ትናንት ሌሊት 6 ሰዓት ደረስን። ሲስተር እንዳልሽኝ በር ላይ ተናገርኩ። ቀበቶውን ሳሳያት ተረኛዋ ዶክተር እጇ ላይ ዘርግታ ቀዳዳዎቹን ቆጠረች። ወዲያው አስገቡት። ዓይኑን በመብራት አዩት፣ ሲቲ ስካን ተነሳ፣ የደረት ራጅ ተነሳ። አሁን ከጀርባው ፈሳሽ መውሰድ አለብን አሉ።

እማዬ «አይሆንም» አለች። መሬት ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው። የሰፈራችን አንድ ሰው በዚያ መርፌ ሽባ ሆኖ ቀረ ትላለች። ታላቅ ወንድሜም እሷን ይዞ ነው። «ፈርሙ» ብለውን ማንም አልፈረመም። እኔም ፈራሁ፤ አልዋሻችሁም። ሽባ ያደርጋል እንዴ?

ዳግም ተወለድኩ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡32

እህቴ፣ እኔን ስሚኝ። ያን መርፌ እኔ አራት ጊዜ ተወግቻለሁ፤ ዛሬ ሁለት ፎቅ ደረጃ ወጥቼ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ቫይረሱ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ራስ ምታቱ ዓይኔን ከውስጥ የሚገፋው ይመስለኝ ነበር። መብራት ማየት አልችልም፤ 44 ኪሎ ገብቼ ነበር። ከጀርባዬ ሲቀዳ ክሪፕቶኮከስ ተገኘብኝ። ፈንገስ ነው፤ መከላከያው ሲደክም ከሳንባ ተነስቶ አንጎል ሽፋን ላይ የሚወጣ። የኔ ሲዲ ፎር፣ ማለትም የመከላከያ ሴሎቼ ቁጥር፣ 38 ብቻ ነበር።

የምነግርሽ ግን ይህን ነው። ጎኔ ላይ ተኝቼ፣ ጉልበቴን ወደ ሆዴ አጥፌ፣ ሲስተሯ ትከሻዬን ይዛኝ ነበር። ሲወጉኝ ቆነጠጠኝ። ፈሳሹ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁት። ከዚያ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ግፊት እየላላ ሄደ። ለሦስት ሳምንት ያልተከፈተ ዓይኔ ተከፈተ፣ ተኝቼ እንቅልፍ ወሰደኝ። እኔን ያሳመመኝ ግፊቱ ስለነበር፣ መልሰው መልሰው የቀዱልኝም ለዚያ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ እኔው ነበርኩ «መቼ ነው የምትቀዱልኝ?» ብዬ የጠየቅኩት።

የሌሊት ተረኛ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡40

ለእናትሽ በዚህ መልክ አስረጃቸው። ከአንጎል የሚወርደው ዋናው የነርቭ ገመድ የሚያልቀው ወገብ ላይኛው ክፍል አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። እዚያ ያሉት በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ ቀጫጭን ነርቮች ናቸው፤ መርፌው ሲመጣ ገለል ይላሉ። ግፊቱ አደገኛ ከሆነ ቀድመው እንዲያውቁ ነው ዓይኑን ያዩትና ሲቲ ያነሱት። በቤተሰባችሁ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት አለች? ወገቧ ላይ የተወጋችው ማደንዘዣ በዚያው ሰፈር ነው የሚገባው።

በመርፌው ሽባ መሆን እጅግ ብርቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሽባ የሚያደርገው በሽታው ራሱ ነው። ሰው ፈርቶ ፈርቶ በመጨረሻው ሰዓት ይመጣል፣ ይወጋል፣ በሽታው ይጥለዋል፣ መርፌው ይወቀሳል።

ትንሿ እህት | ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡50

ፈረሙ። ታላቅ እህታችን ሁለቱንም ልጆች በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ደውዬ ላውድ አደረግኩላት። «እማ፣ እኔን ሁለቴ ወግተውኝ ይኸው ውሃ እየቀዳሁ ነው» አለቻት። እማዬ ዝም አለች፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

ተወሰደለት። ሁለት ትንሽ ብልቃጥ ሙሉ አይሆንም፤ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። እሱ እግሩን ያንቀሳቅሳል።

ትንሿ እህት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ውጤት መጣ፤ ግን እንደገና ተጣላን። ኤችአይቪ ነጻ ነው፣ ተመስገን። የፈንገሱም ምርመራ ነጻ ነው። ጂንኤክስፐርት የሚሉት የቲቢ ምርመራ ግን «አልተገኘም» አለ። እንዲያም ሆኖ ዶክተሮቹ የቲቢ መድኃኒት ጀመሩለት! ታላቅ ወንድሜ «ያልተገኘ በሽታ እንዴት ይታከማል? ያው እንደ ታይፎይዱ ሊጫወቱበት ነው» ብሎ ተቆጣ። ወረቀቱን እንዳለ ልገልብጥላችሁ። ሴል 240፣ አብዛኛው ሊምፎሳይት። ፕሮቲን 180። ስኳር 24፤ የደሙ ስኳር 110። የደረት ራጁ ላይ የቀኝ ሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ አለ ብለውናል።

የሌሊት ተረኛ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

የወንድምሽ ቁጣ ይገባኛል። አንዴ በወረቀት የተታለለ ሰው ወረቀት ሲጠራጠር እውነት አለው። ግን ልዩነቱ ይህ ነው።

በአንጎል ሽፋን ቲቢ ባክቴሪያው ፈሳሹ ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ጂንኤክስፐርት ካገኘው ጥሩ፤ በሁለት ሰዓት ይነግርሻል። ካላገኘው ግን «የለም» ማለት አይደለም። በካልቸር ለማብቀል ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ልጁ አይቆይም። ስለዚህ ሐኪሙ ሌላውን ያነባል። የጀርባ ፈሳሽ ስኳር የደሙን ከግማሽ በላይ መሆን ነበረበት፤ የሱ ሩብ እንኳ አይሞላም። ፕሮቲኑ ከ45 መብለጥ አልነበረበትም። በፍጥነት የሚመጣው ማጅራት ገትር ቢሆን ፈሳሹ የደፈረሰ ይሆን ነበር፤ የሱ ግን ጥርት ያለ ነው። በዚህ ላይ ሰባት ሳምንት፣ የሌሊት ላብ፣ 12 ኪሎ፣ የሳንባው ጥላ። እኔም ብሆን አልጠብቅም ነበር። የመጀመሪያው የቲቢ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እስኪመጣ ድረስ ይህ በሽታ የያዘው ሰው አይተርፍም ነበር። ዛሬ የሚገድለው በአብዛኛው መዘግየት ነው።

አብሮ ብግነት የሚቀንሰውን ዴክሳሜታዞን መጀመሩንም ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ፣ ቬትናም ውስጥ በ545 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። ይህ መድኃኒት ሲጨመር ከ100 ሰው ውስጥ 41 ይሞት የነበረው ወደ 32 ወርዷል። በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው፤ ተሻለኝ ብሎ በድንገት ማቆም የለም።

ከስቶክሆልም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ውይይቱን ከመጀመሪያው አነበብኩት፤ እንባዬ መጣ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ወላጆቻቸው በዕድሜ የገፉ ሰዎች እንዲያነቡት።

ስዊድን ነው የምኖረው፤ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። አንዲት የ78 ዓመት ሴት ነበሩኝ። በሁለት ወር ውስጥ ልብሳቸው ሁሉ ሰፋቸው። «እርጅና ነው» ተባለ። ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን የማበጥርላቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ማበጠሪያው ከጆሯቸው በላይ ያለውን ቦታ ሲነካቸው ጮሁ። ቁርስ ላይ ደግሞ ዳቦውን ሁለት ሦስቴ ያኝኩና መንጋጋቸውን ይዘው ያቆማሉ። ከዚያ ሾርባ ብቻ ሆነ። ለነርሷ ነገርኳት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ገቡ። የጎን ራስ ደም ሥር ብግነት ነው። ከ50 ዓመት በላይ ያለ ሰው ነው የሚይዘው፤ እዚህ ሰሜን አውሮፓ በብዛት ይታያል፣ እኛ አገር ብዙም አይደለም ይላሉ። ካልታከመ ዓይን ያጠፋል፤ የጠፋው ዓይን አይመለስም። ለዚህ ነው የምርመራውን ውጤት እንኳ ሳይጠብቁ ብግነት የሚቀንሰውን ፕሬድኒሶሎን የጀመሩላቸው። በሦስተኛው ቀን ዳቦ በሉ።

እናታችሁ ስትበጠር አመመኝ ካለች፣ ማኘክ ካቆመች፣ ከከሳች፣ እርጅና ነው አትበሉ።

የአዳማ ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

ይሄን አላውቅም ነበር። አክስቴ ደግሞ ራሷን እያመማት፣ እየበላች ስትከሳ፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ ልቧ ሲመታ እንቅርት ሆኖ ተገኘ። በደም ምርመራ ነው የታወቀው፤ አሁን ደህና ናት።

ትንሿ እህት | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ

ዝም ያልኳችሁ ጉልበት አጥቼ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ እንደገና ባሰበት፤ አንድ ቀን ሙሉ አላወቀንም። መድኃኒቱ አልሠራም ብለን ተስፋ ቆረጥን። ዶክተሯ ግን ይህ በሕክምናው መሃል የሚያጋጥም ነው፣ መድኃኒቱ አይቆምም አለች። አላቆሙም። ሐሙስ ጠዋት እማዬን በስሟ ጠራት።

ሽንቱ ብርቱካናማ ሲሆን እማዬ ደም መስሏት ዋርዱን በጩኸት ሞላችው። ሪፋምፒሲን የሚባለው ነው አሉን፤ እንባውንም ያቀላዋል። ዴክሳሜታዞኑ ደግሞ ረሃብ ረሃብ ያሰኘዋል። ሌሊት 8 ሰዓት አጥሚት ይጠይቃል፤ አስታማሚው ሁሉ እየሳቀ ያሞቅልናል። ሚዛኑ 53 ላይ ነው። ነገር ሁለት ሆኖ መታየቱ ግን ገና አልጠፋም።

ጥያቄ አለኝ። መድኃኒቱ ለስንት ጊዜ ነው? ደግሞ ቤት ውስጥ የታላቅ ወንድሜ ልጅ አለች፤ ሦስት ዓመቷ ነው። በባጃጁ ይዟት ይዞር ነበር። ይተላለፋል?

ሲስተር ት. | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡30

በስሟ ጠራት ስትዪ ልቤ ሞላ። ይህ ዓይነት ቲቢ እንደ ሳንባው ስድስት ወር አይደለም፤ 12 ወር ነው። ሁለት ወር አራቱ መድኃኒቶች፣ ከዚያ አሥር ወር ሁለቱ። በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። የሚከብደው አራተኛው ወር ላይ ነው፤ ይወፍራል፣ ይሠራል፣ «ዳንኩ» ይላል፣ ያቋርጣል። በዚያ ጊዜ አጠገቡ ሁኑ። ክብደቱ ሲጨምር የክኒኑ ቁጥር ሊጨምር ስለሚችል በየቀጠሮው ይመዘን። ዓይኑ ቢጫ ከመሰለ፣ ቀለም መለየት ካቃተው ወይም እጅ እግሩ ከደነዘዘ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።

የአንጎል ሽፋኑ ቲቢ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ ሳንባው ላይ ያለው ግን ይተላለፋል። ስለዚህ ልጅቷንም እማዬንም ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ሰኞ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ውሰዷቸው። የቢሲጂ ክትባት መውሰዷን ካርዷ ላይ እዩ፤ ሕፃናትን በተለይ ከዚህ ከጭንቅላቱ ዓይነት የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ቢኖራትም ግን መታየት አለባት። በሽታው ከሌለባት የመከላከያ መድኃኒት ይሰጧታል።

ትንሿ እህት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5፡00

አይተዋታል። ክንዷ ላይ የቢሲጂዋ ጠባሳ አለ፤ ራጇም ንጹህ ነው። የሦስት ወር መከላከያ ጀመሩላት። እማዬ ታስላለች፤ አክታ ሰጥታለች፣ ውጤቱ ከሰዓት ይደርሳል። እዚያው ጤና ጣቢያ በር ላይ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ።